ጮቄ ሥር ድንቼን ውርጭ ሲያቃጥለው ከበላዩ ያለው ጅባራ እንዴት ተረፈ?

የስናን ልጅ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት ጎጃም፣ ስናን ነው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር። የመስኖ ድንች ነበረኝ። ማታ ለምለም እንደሆነ ትቼው ገባሁ። ጠዋት ስወጣ መስኩ ነጭ ለብሷል። ፀሐይ ወጣ ስትል ቅጠሉ ጠወለገ። ቀትር ላይ ጠቁሮ ተኮማተረ። የፈላ ውሃ የደፉበት ነው የሚመስለው።

ከማሳዬ በላይ ያለው ጅባራ፣ ያ ግዙፉ የተራራ ተክል፣ ግን እንዳለ ቆሟል። አንዲት ቅጠል አልተነካችበትም። ጓሳ ሣሩም አስታ ቁጥቋጦውም ደኅና ናቸው። ብርዱ አንድ፣ ሌሊቱም አንድ።

ይሄን ለአክስቴ ልጅ በስልክ ብነግረው ሳቀብኝ። ያለው ካናዳ ነው። «እዚህ ከዜሮ በታች 30 ይገባል፤ ዛፉም አለ፣ ወፉም አለ» አለኝ። እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ። የኔ ድንች አንድ ሌሊት ያልቻለውን እነዚያ ወራት እንዴት ይችሉታል? የኛ ጅባራስ ምን ቢያውቅ ነው? ቀልድ ያላችሁም አትቅሩ።

የቡሬ በርበሬ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2፡31

ጅባራው ባናውን ደርቦ አደረ። ድንችህን ምን አለበስከው?

(ለጉዳቱ ግን አዝኛለሁ ወንድሜ። እግዜር ይተካልህ።)

መምህር ዘዳንግላ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡05

ከድንቹ ልጀምር። የገደለው ብርዱ ራሱ አይደለም፤ ቅጠሉ ውስጥ የረጋው ውሃ ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሁለት ሦስት ዲግሪ ሲወርድ መጀመሪያ የሚረጋው በሕዋሶቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። ይሄ በረዶ ከሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ሕዋሱ ይደርቃል፣ ይጨማደዳል፣ ሽፋኑም ይበላሻል። ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ውሃውን መልሶ የሚይዝለት ሽፋን የለም። ቅጠሉ ፀሐይ እንደነካው የሚልፈሰፈሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ድንችህ የሞተው ሌሊት ነው። ፀሐይዋ የሠራችው ነገር ቢኖር ሞቱን ማሳየት ብቻ ነው።

ውርጭ የሚችል ተክል በረዶውን አያስቀረውም። ከሕዋሱ ውጭ እንዲረጋ ይተወዋል፤ ሕዋሱን ግን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ውስጡ ስኳርና መሰል ነገሮችን ያጠራቅማል። ጣፋጭ ውሃ ቶሎ አይረጋም። የሽፋኑን ቅባት ዓይነት ይለውጣል፤ ብርድ ላይ ድርቅ እንዳይል። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። የሰሜን አገር ዛፎች ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው ሥራውን የሚጀምሩት። ብርዱ እስኪመጣ አይጠብቁም። በፈረንጆች ጥር ከዜሮ በታች 40ን የሚችል ዛፍ፣ ያው ዛፍ፣ በሐምሌ ሳይዘጋጅ ከዜሮ በታች 10 በድንገት ቢመታው ቅጠሉም እምቡጡም ያልቃል።

ድንች የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ነው። እዚያ ውርጭ የሚችሉ የዱር ዘመዶች አሉት። እኛ የምንተክለው ግን ያን ጠባይ አልያዘም። የሚገርማችሁ የአንዲስ ገበሬዎች ውርጩን ሥራ ሰጥተውታል። የተቆፈረውን ድንች ሌሊት ሜዳ ላይ ያሰጡታል፤ ይረጋል። ቀን ሲቀልጥ በእግር እየረገጡ ውሃውን ያወጡታል። ደጋግመው ሲያደርጉት ደርቆ ለዓመታት የሚቀመጥ ስንቅ ይሆናል።

የስናን ልጅ
ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 3፡22

መምህር እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጨምር። ማሳዬ ተዳፋት ነው። ከታች፣ ወንዙ ዳር ያለው በሙሉ ነደደ። ከላይ ያለው ጥቂት መደብ ግን ጫፉን ብቻ ነው የነካው። ከፍ ባልን ቁጥር ብርድ ይብሳል አይደል የሚባለው? ለምን ተገለበጠብኝ?

ባለሙያው ከሰከላ
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 1፡10

ይሄ የኔ ሥራ ነው፣ እኔ ልመልስ። ወረዳ ግብርና ነኝ።

ከፍታ ብርድ ይጨምራል፤ እውነት ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ 2,450 አካባቢ። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ሰው በሸሚዝ ሲያመሽ ጮቄ ላይ ውሃ ይረጋል። ይሄ ሰፊው ስሌት ነው።

አንድ ማሳ ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማያችን ጥርት ይላል። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ደመና ቢኖር ኖሮ ብዙውን ይመልሰው ነበር። መሬቱ ሲበርድ ከላዩ ያለውን አየር ያበርደዋል። የበረደ አየር ከባድ ነው፤ ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ረባዳው ላይ ይተኛል። ያንተ ወንዝ ዳር የብርዱ መተኛ ነው። ነፋስ ያለበት ሌሊት ግን አየሩ ስለሚደባለቅ ውርጭ አይጥልም። የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ነው። መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲከስር አድሮ ገና ፀሐይ አላገኘምና።

ስለዚህ በነዚህ ወራት ረባዳው ላይ ድንች አትትከል። ገብስ ወይም እንግዶ (አጃ) ይሻላል፤ እሱም አበባው ከውርጩ ጋር እንዳይገጥም አስልተህ። ገብስ ቡቃያ ሆኖ ውርጭ ይችላል። ሲያብብ ከመታው ግን ዛላው ባዶ ይሆናል። ሌላው፣ ጥርት ያለና ነፋስ የሌለው ምሽት ስታይ ቀን ላይ ማሳውን አጠጣ። እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ያድራል። ጭስ ማጨስ ግን ድካም ነው፤ ብዙ አይረባም።

ባላገሩ
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 3፡40

ወንድማለም፣ የመጨረሻዋን አልቀበልም። አያቴ ውርጭ የሚጥልበትን ሌሊት ያውቀዋል። ኮከቡ ሲበዛና ጆሮ ዝም ሲል «ዛሬ ይጥላል» ይላል። ከዚያ የማሳው ዳር ላይ ኩበትና ጭድ ያቃጥላል። ከጎረቤት ማሳ ይልቅ የሱ ይተርፋል። ይሄን በዓይኔ ያየሁት ነው። ወረቀት ላይ ስላልተጻፈ አይረባም አይባልም።

ባለሙያው ከሰከላ
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 4፡02

አባባ የኮከቡን ነገር በትክክል ነው የሚያዩት፤ እኔ በብዙ ቃል ያስረዳሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። እሳቱም ሊረዳቸው ይችላል። ሙቀት ይሰጣል፣ አየሩንም ያንቀሳቅሳል። ብዙ ትንንሽ እሳት ከአንድ ትልቅ እሳት ይሻላል። እኔ አይረባም ያልኩት ጭሱን ነው። ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት ጭስ አያስቆመውም፤ ደመና የሚያስቆመው በውሃ ነው። አረንጓዴ ቅጠል ከምሮ ጭስ ብቻ የሚያወጣ ሰው ዓይኑን ነው የሚያቃጥለው።

ባላገሩ
ታኅሣሥ 9፣ ከጠዋቱ 4፡09

እሺ፣ ለአያቴ አንተው መጥተህ ንገረው። ጠላም አለ።

ዊኒፔግ ያለሁ የሞጣ ልጅ
ታኅሣሥ 9፣ ከቀኑ 9፡30

እኔም ካናዳ ነኝ፣ የአክስትህ ልጅ ግን አይደለሁም። :) እዚህ ከዜሮ በታች 30 ቀልድ አይደለም። የዓይን ሽፋሽፍት ይረጋል። መጀመሪያ ስመጣ ዛፎቹ የሞቱ መስለውኝ ነበር። ቅጠል የለ፣ ወፍ የለ። በሚያዝያ መጨረሻ ሁሉም ሲያቆጠቁጥ ደነገጥኩ።

ከብዙ ነገር የገረመኝን ልንገራችሁ። ውጭው ያን ያህል ሲሆን ከበረዶው ሥር፣ መሬቱ ላይ፣ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ነው። በረዶው ውስጡ አየር የታጨቀ ስለሆነ ብርዱን አያስገባም። የሜዳ አይጦች ክረምቱን ሙሉ እዚያ ሥር መንገድ ሠርተው ይኖራሉ። አይተኙም፤ ሥር ይበላሉ፣ ይራባሉም። ቀበሮ ከላይ ቆሞ ድምፃቸውን ያዳምጥና ዘሎ በአፍንጫው ይገባል። ጅግራ የሚመስሉ ወፎችም አሉ። ሲመሽ ከዛፍ ላይ በረዶው ውስጥ ይወረወሩና እዚያው ተቀብረው ያድራሉ። ገበሬዎች የሚፈሩት ብርዱን ሳይሆን በረዶ ሳይጥል የሚመጣውን ብርድ ነው። በመከር የተዘራ ስንዴ በረዶ ካልሸፈነው ይቃጠላል። የስናን ልጅ፣ ያንተ ችግር ይሄ ይመስለኛል። የጮቄ ውርጭ የሚጥለው በደረቅና በባዶ መሬት ላይ ነው። የሚሸፍነው ነገር የለም።

ሐይቁ ደግሞ ከላይ መኪና እስኪሄድበት ይረጋል። ከሥር ግን ዓሣው ይዋኛል። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲበርድ ይቀላል፤ ሲረጋ ደግሞ ይንሳፈፋል። በረዶው ከላይ ክዳን ሆኖ ቀሪውን ያድነዋል። ውሃ እንደሌላው ነገር ሲረጋ የሚሰጥም ቢሆን ሐይቁ ከታች ጀምሮ ይረጋ ነበር።

እንቁራሪትም አለች። የጫካ እንቁራሪት ይሏታል። ጉድጓድ አትቆፍርም። የረገፈ ቅጠል ሥር ትገባና ትረጋለች። በቁሟ! ከሰውነቷ ውሃ ግማሽ በላዩ በረዶ ይሆናል። ልቧ ይቆማል፣ ትንፋሽ የለም። ብታንኳኳት ድንጋይ ናት። በጸደይ ቀልጣ ትዘላለች።

እትዬ ዘደጀን
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1፡15

ኧረ በማርያም! ልቧ ቆሞ? ይሄ የፌስቡክ ወሬ ነው። ልጆቼ፣ ሰው የሚያነበው ነገር ላይ ጥንቃቄ አድርጉ።

መምህር ዘዳንግላ
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 1፡50

እትዬ፣ ለማመን ይከብዳል፤ ግን እውነት ነው። በአላስካ ተመራማሪዎች በቦታዋ ተከታትለዋታል። ከዜሮ በታች 18 ድረስ ወርዳ፣ ወራት ረግታ ቆይታ ተነሥታለች። ምስጢሩ ያው ቅድም ለድንቹ ያልኩት ነው። በረዶው ቆዳዋን እንደነካ ጉበቷ ስኳር ማፍሰስ ይጀምራል። ደሟ በስኳር ይሞላል። ሰው ላይ ያን ያህል ስኳር ቢገኝ ሆስፒታል አይበቃውም። ስኳሩ ሕዋሶቿ ውስጥ ገብቶ ውሃቸውን ይይዝላቸዋል። በረዶው ከሕዋስ ውጭ፣ ከቆዳ ሥርና ሆድ ዕቃ መካከል ይቀራል። ዕንቁራሪቷና ውርጭ የሚችለው ዛፍ ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ነው የያዙት።

በደቡብ ዋልታ ባሕር የሚኖሩ ዓሦች ደግሞ ሌላ ናቸው። ባሕሩ ጨው ስላለው ከዜሮ በታች ሁለት አካባቢ እስኪደርስ አይረጋም። የዓሣ ደም ግን ከዚያ በፊት መርጋት ነበረበት። አርተር ዴቪሪስ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መልሱን አገኘ። ደማቸው ውስጥ ትንሿን የበረዶ ፍንጣሪ ገና ስትፈጠር ይዞ እንዳታድግ የሚያደርግ ፕሮቲን አለ። እንቁራሪቷ በረዶውን ታስተናግዳለች፤ እነዚህ በር ላይ ይመልሱታል።

የቡሬ በርበሬ
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 2፡04

ድቡስ? ስድስት ወር ሳይበላ የሚተኛው። እኔ አርብ ሮብ ጾሜ እንኳ በስንት መከራ ነው።

ዊኒፔግ ያለሁ የሞጣ ልጅ
ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 5፡20

ድብ ያን ያህል አይበርድም። የሰውነቱ ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው የሚወርደው፤ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይቆያል። ልቡ ግን በጣም ይዘገያል። አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይሸናም። በመከር ያከማቸውን ስብ ነው የሚያቃጥለው። ሴቷ በዚያ መሃል ትወልዳለች፣ ታጠባለች። ሰው ለወራት አልጋ ላይ ቢውል ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ድቡ ግን ብዙም ሳይጎዳ ይወጣል። ሐኪሞች በዚህ ነገር ብዙ ይመራመራሉ። ብትነካካው ደግሞ ይነቃል፤ ስለዚህ ዋሻው ድረስ ሄዶ ማየት ይቅርብህ።

እውነተኛው እንቅልፋም ትንሽ ነው። አላስካ ውስጥ በጉድጓድ የምትኖር ሽኮኮ መሳይ አለች። የሰውነቷ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.9 ድረስ ወርዶ ተለክቷል። ደሟ ግን አይረጋም። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እየተንቀጠቀጠች ትሞቅና ተመልሳ ትበርዳለች። ለምን እንደምትሞቅ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እስካሁን ይከራከራሉ።

የዕፅዋት ተማሪ ከባሕር ዳር
ታኅሣሥ 10፣ ከጠዋቱ 4፡45

ወደ ጅባራው እንመለስ እንጂ፤ የተጠየቀው እሱ ነበር። :) ጮቄ ላይ ለትምህርት ሥራ ወጥቼ አድሬያለሁ። የሞጣው ልጅ የነገረን ሁሉ የሚሠራው ብርዱ ወቅት ሲሆን ነው። እዚያ ብርዱ ለወራት ይመጣል፣ ለወራት ይሄዳል። ስለዚህ መተኛት ይቻላል። ቅጠል ማራገፍ ይቻላል። መሄድም ይቻላል። ጮቄ ላይ ግን ብርዱ ማታ መጥቶ ጠዋት ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ የወሮቹ አማካይ ሙቀት ብዙም አይለያይም፤ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት መካከል ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ሌሊት ውሃ ይረጋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ነገ ጠዋት ምን ሊሆን ነው? የተኛ እንስሳ መቼ ሊበላ ነው?

ቀኑም አያስጠነቅቅም። ጎጃም ከምድር ወገብ ብዙም ስለማይርቅ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን በአንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ነው የሚለያዩት። የካናዳ ዛፍ በቀኑ ማጠር ይዘጋጃል። የኛ ተክል ያን ምልክት አያገኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ መኖር አለበት።

ጅባራ ይሄን ይችላል። የሚያድግበት ልቡ አንድ ነው፤ አናቱ ላይ፣ በቅጠሎቹ መሃል። ያ ልብ ከረጋ ተክሉ አለቀለት። ግዙፎቹ የተራራ ሎቤሊያዎች፣ ጅባራን ጨምሮ፣ ሲመሽ ቅጠሎቻቸውን ወደ ውስጥ ያጥፋሉ። ውጪኞቹ ይቀዘቅዛሉ፣ መሃሉ ይተርፋል። ሲነጋ ይከፍቱታል። የስናን ልጅ፣ ቅርብህ ስለሆነ አንድ ቀን ቀትር ላይ እየው፤ ከዚያ ሳይነጋ ሄደህ እየው። የኬንያ ተራራ ላይ ያለ ዘመዱ ደግሞ ቅጠሎቹ መሃል ውሃ ይይዛል። ሌሊት የውሃው ገጽ ይረጋል። ውሃ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ልብ ከዜሮ ብዙ አይወርድም።

ጅባራ ለዓመታት እንዲህ እያለ ያድጋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ያን ረጅም አበባ ያወጣል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ሲያብብ የቆረጠው ሰው ዘሩንም ቆረጠው ማለት ነው። እባካችሁ ለአጥርም ለማገዶም አትንኩት።

ጓሳ ሌላ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በአንድ ጉቶ ይበቅላል፤ አዲሱ ቀንበጥ በደረቀው ሣር መሃል ተሸሽጎ ያድራል። አስታ ቅጠሉን አሳንሶ መርፌ አክሎታል። ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ ላዩ ቢጎዳም ይመለሳል።

የስናን ልጅ
ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 7፡30

እህቴ ተባረኪ። ጅባራው ማታ ቅጠሉን የሚያጥፍ መሆኑን እረኞች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ነገ ሌሊት እወጣለሁ። ጅብ ከበላኝ ማሳውን ለባላገሩ ተናዝዣለሁ።

የዘጌ ቡና
ታኅሣሥ 10፣ ከምሽቱ 12፡50

«መሄድም ይቻላል» ላለችው ልጅ ከጣና ምስክር ላምጣ። በጥቅምትና በኅዳር ከሐይቁ ደቡብና ምሥራቅ ባለው ረግረግ ትልልቅ ግራጫ ወፎች ይሰፍራሉ። አንገታቸው ረጅም፣ እግራቸው ረጅም፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏቸዋል። በሺዎች ነው የሚመጡት፤ ከሩሲያና ከፊንላንድ ወገን። ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ይለቅማሉ። ሽምብራ ካገኙ አይምሩም፤ ገበሬው በወንጭፍ ነው የሚጠብቃቸው። ማታ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ አውሬ ውሃውን ሳይረብሽ አይደርስባቸውምና። በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳሉ።

ክረምቱን ሸሽተው መጡ ይባላል። እኔ ግን ብርዱን ብቻ አይመስለኝም። ላባቸው መልካም ነው። እዚያ መሬቱ ሲረጋና በረዶ ሲለብስ የሚለቅሙት ነገር ያጣሉ። የሚሸሹት ረሃቡን ነው።

መምህር ዘዳንግላ
ታኅሣሥ 10፣ ከምሽቱ 1፡20

ልክ ነህ። ብዙ ወፎች ምግብ እስካገኙ ድረስ ከባድ ብርድ ይችላሉ። ዳክዬ በረዶ ላይ ቆሞ የሚውለው እግሩ ውስጥ የሚወርደው የሞቀ ደምና የሚመለሰው የበረደ ደም ጎን ለጎን ስለሚያልፉ ነው። የሚወርደው ሙቀቱን ለሚመለሰው ያቀብላል። እግሩ ይበርዳል፣ ሆዱ አይበርድም።

ንብ አናቢ ከእንጅባራ
ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 2፡25

ንብን ረሳችኋት። ሰሜን አገር ያለች ንብ ክረምቱን አትተኛም። ቀፎው ውስጥ አውራዋን መሃል አድርገው ይከማቻሉ። የበረራ ጡንቻቸውን ክንፍ ሳያንቀሳቅሱ ያንቀጠቅጣሉ፤ እሱ ሙቀት ይሰጣል። ውጭው ከዜሮ በታች ሆኖ መሃሉ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ዳር ያሉት ሲበርዳቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማሩ ማገዶ ነው። ወንዶቹን ደግሞ ከክረምት በፊት ያባርሯቸዋል። በልተው የማይሠሩ ናቸውና ስንቅ አይባክንባቸውም። (ባለቤቴ ይሄን ስነግራት ደስ አላት።)

የኛ አገር ንብ ጭንቋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። የሚገድላት ብርዱ ሳይሆን ዝናቡ ነው። መውጣት አትችልም፤ አበባውም የለም። አደይ እስኪፈነዳ ማር ያልተረፈላት ንብ ወይ ትከሳለች ወይ ቀፎውን ጥላ ትሄዳለች። ስለዚህ ኅዳር ላይ ማር ስትቆርጡ ሙልጭ አታድርጉ። በክረምቱ ደግሞ የስኳር ውሃ፣ በሶ ወይም ሽሮ ስጧት። በደጋው ቀፎውን ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ አፉን ነፋስ ከሚመጣበት አዙሩ። እኔ ቀፎዬን ከላይ በሣር እከድናለሁ። ሌሊት በጣም በሚበርድበት ወር አፉንም አጠባለሁ።

እትዬ ዘደጀን
ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 3፡00

እንቁራሪቷን አሁንም አላመንኩም። የንቡን ግን አምናለሁ። ልጄ፣ በሶውን ደረቁን ነው ወይስ በጥብጠህ የምትሰጣት?

ንብ አናቢ ከእንጅባራ
ታኅሣሥ 11፣ ከጠዋቱ 3፡18

ደረቁን ነው እትዬ። በሰፊ ሰሃን አድርገው ቀፎው አጠገብ፣ ዝናብ የማይመታው ቦታ። አበባ ያገኘች መስሏት በእግሯ ተሸክማው ትገባለች። የስኳሩን ውሃ ሲሰጡ ደግሞ ጭራሮ ጣል ያድርጉበት፤ እንዳትሰጥም።

ባላገሩ
ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 8፡10

ፍልፈልንስ? ድንቼን ውርጭ ሳይነካው እሱ ይጨርሰዋል። ብርድ አያውቅም።

የዕፅዋት ተማሪ ከባሕር ዳር
ታኅሣሥ 11፣ ከቀኑ 8፡55

አያውቅም፣ እውነትህን ነው። አፈሩ ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ከወረድክ የቀንና የሌሊት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ውርጩ ከላይ ነው የሚቀረው። ፍልፈል ሥርና ድንች እዚያው እየበላ ይውላል፤ ከቤት መውጣት አያስፈልገውም።

ከላይ የሚያድረው ቀይ ቀበሮ ነው። ጭራውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ተጠቅልሎ ሜዳ ላይ ይተኛል። ጮቄ ላይም ነበር፤ አሁን ግን ጠፍቷል። ያባረረው ብርዱ አይደለም። እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ሄደ፣ ጓሳው አነሰ፣ አይጡም አብሮ አነሰ። ዛሬ እሱን ለማየት ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ወይም ባሌ መሄድ ነው።

ፖም ተከል
ታኅሣሥ 12፣ ከጠዋቱ 5፡05

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኔ ደግሞ ብርድ አነሰኝ። ፖም ተክዬ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ አበባውም አንዱ ቅርንጫፍ ላይ በመስከረም፣ ሌላው ላይ በየካቲት ይመጣል። ያለሁት አዴት ነው። ምን ላድርግ?

ባለሙያው ከሰከላ
ታኅሣሥ 12፣ ከቀኑ 6፡30

ከርዕሱ አልወጣህም። ፖም የብርድ አገር ዛፍ ነው። ክረምት አልፏል ብሎ የሚያምነው ለብዙ መቶ ሰዓታት ከ7 ዲግሪ በታች ከቆየ በኋላ ነው። ይሄ ባይሆን ኖሮ አንድ ሞቃት ሳምንት ሲመጣ ያብብና ተመልሶ በሚመጣው ብርድ ያልቅ ነበር። አንተ ጋ ያን ሰዓት አያገኝም። ስለዚህ ግራ ይገባዋል። በመከር የሚዘራው የፈረንጅ ስንዴም እንዲሁ ነው፤ ብርድ ካላየ ሣር ሆኖ ይቀራል እንጂ ዛላ አያወጣም።

ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ፤ «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉት። ሌላ ከሆነ የተከልከው ብዙ አትድከም፤ የነዚህን ቀንበጥ አስከትብበት። ያለውን ደግሞ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ውሃ ቀንስለት፤ ቅጠሉን በእጅህ አራግፍ፤ ግረዘው። ቅጠሉ ሲረግፍለት ያረፈ ይመስለውና በአንድ ጊዜ ያቆጠቁጣል። ጨንቻ ያሉ ፖም አምራቾችም ቅጠል ያራግፋሉ።

የስናን ልጅ
ታኅሣሥ 13፣ ከጠዋቱ 1፡40

ወጥቼ አየሁት፤ አልተበላሁም። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቶ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ስሄድ ቅጠሎቹ ተጠጋግተው ቆመዋል። ጣቴን ወደ መሃል ሳስገባ ከውጪው ይለያል፤ ውጪኛው ቅጠል ላይ አመዳይ ነበር፣ ውስጡ ግን አልነበረም። እጄ ቆፈነና ቶሎ አወጣሁት።

አሁን ሥራ ልጠይቅ። ረባዳውን ለእንግዶ ለቅቄዋለሁ። ከላይኛው መደብ ዳር ኮሶ መትከል ፈልጌያለሁ። ችግኙ ገና ትንሽ ነው። በዚህ ወር ብተክለው ይተርፋል?

ባለሙያው ከሰከላ
ታኅሣሥ 13፣ ከጠዋቱ 2፡15

አሁን አትትከለው። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ትከል፤ ውርጩ እስኪመጣ ሥር ይሰድዳል። እስከዚያ በመደቡ አቆየው። ጥርት ባለ ምሽት ላዩን በሣር ሸፍን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ አንሣ። ሣሩን ቅጠሉ ላይ አትጫነው፤ በአራት እንጨት ከፍ አድርገህ ዳስ ሥራለት። ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች እንዲሁ አድርግ። ውርጭ የሚከፋው መሬት አጠገብ ነው፤ ችግኙ ከወገብ ሲያልፍ ይቀልለዋል። ፍየልም አታስጠጋ፤ ከውርጩ ይልቅ እሷ ናት የምትጨርሰው።